በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ

በነሐሴ 2004 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ቦሌ ላይ ሲቀበል፣ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀዳሚው መሆኑ በሰፊው ተነገረለት። ስለ አውሮፕላኑ ብዙም ያልተነገረ አንድ ነገር ግን አለ። የመንገደኞቹ ክፍል በበረራ ላይ የሚኖረው የአየር ግፊት፣ ቢበዛ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት እንዳያንስ ተደርጎ ነው የተሠራው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። እንግዲህ በእሱ ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚበር መንገደኛ ከ10,000 ሜትር በላይ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር፣ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ተርሚናሉ ሲገባ ከተነፈሰው አየር ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሙቀት ሆኖ ሳለ በአየር የጀመርኩት ሁለቱ እዚህ ከተማ ውስጥ ስለማይነጣጠሉ ነው። ስለ ሙቀትና ጤና የምናነበው ምክር በአብዛኛው ቴርሞሜትር 40 ከሚነካባቸው አገሮች የመጣ ነው። ቦሌ ላይ 30 ዲግሪ መድረስ ብርቅ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ሞቃት ወራት እንኳ የቀትሩ ሙቀት ብዙውን ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ይውላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ሙቀትን የድሬዳዋና የሰመራ ጣጣ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የሚፈራው ብርድን ነው። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት የሚነሣውን ጭቅጭቅ የማያውቅ የለም። እኔ ግን በዚህ ከተማ ሙቀት በየቀኑ ይነካናል፣ አንዳንዴም ይገድለናል ብዬ አምናለሁ። የሚመጣብን በድስት፣ በፍም፣ በፀሐይ ጨረርና በጣሪያ በኩል ስለሆነ ሙቀት ብለን አንጠራውም፤ የእነዚህ ሁሉ ጠባይ ደግሞ አየራችን በመሳሳቱ ይለወጣል።

ከድስቱ ልነሣ። ውኃ የሚፈላው ውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የተጫነውን አየር ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። አየር ውኃ ላይ እንደተጫነ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ሲቀል እንፋሎቱ ሳይቸገር ያመልጣል። ቦሌ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ጂቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ድሬዳዋ ላይ ወደ 96፣ ቦሌ ላይ ወደ 92፣ እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ምንም ብናባብስ ውኃው ከዚያ አልፎ አይሞቅም፤ የተጨመረው ሙቀት ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ይህን ማወቅ ለኪስ ይጠቅማል። ፈልቶ እየተንተከተከ ባለ ድስት ሥር ከሰል መጨመር፣ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃውን እስከ መጨረሻው ማዞር ውኃውን ያደርቀዋል እንጂ ምግቡን አያፈጥነውም። እሳቱን ቀንሶ ድስቱን የከደነም፣ እሳት ያነደደም ያው 92 ዲግሪ ላይ ናቸው።

ስምንት ዲግሪ ጥቂት ይመስላል፤ ለሽምብራ ግን ብዙ ነው። ጥራጥሬ የሚለሰልሰው የሕዋሶቹን ግድግዳ አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሟሟ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር በጣም ይዘገያል። ጂቡቲ ላይ አንድ ሰዓት የፈጀ ሽምብራ ቦሌ ላይ ሁለት ሰዓት ቢጠጋ አያስገርምም። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ተመልሶ ሲኤምሲ ወይም አያት ቤት የያዘ ሰው፣ እዚያ በለመደው ሰዓት ቦሎቄው አልበስል ሲለው የሚያማው ወይ ቦሎቄውን ወይ ምድጃውን ነው።

የደጋው ማጀት ለዚህ ችግር መልስ ካገኘ ዘመናት አልፈዋል። ጥራጥሬውን ማታ ይዘፈዝፋል። ከክቶ ክክ ያደርገዋል፤ የተከካ እህል ሙቀትና ውኃ ቶሎ ይዘልቁታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያምሰዋል፣ ይቆላዋል። ደረቅ ምጣድ ላይ ያለ እህል ውኃ የለውምና 92 ዲግሪ አያስረውም፤ ከመቶ ብዙ አልፎ ይሞቃል። የሽሮ እህል ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ሲያበቃ ከባዱ የማብሰል ሥራ ተጠናቅቋል። ድስት ውስጥ የሚቀረው የዱቄቱ ስታርች መወፈር ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ 80 ዲግሪ እንኳ ይበቃል። በሶ ከዚህም አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ገብሱ በተቆላ ጊዜ በስሏል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ አድርጎ መጨበጥ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ አየር ግፊት አስበው ይህን አደረጉ አልልም፤ ማገዶ ቁጠባም፣ ለመንገድ ስንቅ መያዝም አለበት። ግን ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት በሚፈላበት አገር ከዚህ የተሻለ የማብሰያ ጥበብ ማሰብ ይከብዳል።

ቁሌትም በዚሁ ዓይን መታየት ይገባዋል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ሲገባ የራሱ ውኃ ስላለው ከ92 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ የሚያደርገው መልፈስፈስ ብቻ ነው። ውኃው ሲያልቅ ግን ሙቀቱ በድንገት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ የዶሮ ወጥ ጠረን መምጣት ይጀምራል። ያ ጠረን ከ140 ዲግሪ በታች እንደ ልብ አይገኝም። ባለሙያዋ እንዳያርርባት ውኃ ጠብ የምታደርገው ሙቀቱን መልሳ ለመግታት ነው፤ ዘይቱ ወይም ቅቤው ሲገባ ደግሞ ውኃ ሊደርስበት የማይችለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ሽንኩርቱና ወደ በርበሬው ያደርሳል። በጥሩ ቁሌትና በተቻኮለ ቁሌት መካከል ያለው ልዩነት ይህን የሙቀት መውጣትና መውረድ በትዕግሥት መከታተል ነው፤ የሚያስፈልገው ሰዓት ቦሌ ላይ አያጥርም።

በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት የጎደለንን አየር በጉልበት የሚተካ ዕቃ ነው። ሙሉ ግፊቱን ሲይዝ ውስጡ ያለው ውኃ እዚህ ከፍታ ላይ እንኳ ወደ 116 ዲግሪ ይደርሳል። ለቦሎቄና ለሽምብራ የሚያተርፈውን ጊዜና ነዳጅ ሳስብ፣ ከብዙ ውድ የወጥ ቤት ዕቃዎች በፊት በየቤቱ መግባት የነበረበት እሱ ነው እላለሁ። የእንፋሎት መውጫው እንዳይደፈን ማጽዳት፣ ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን አለመታገል ብቻ ነው ጥንቃቄው።

ኬክ የሚጋግሩም ከዚሁ አየር ጋር ይታገላሉ። ሊጥ ውስጥ የሚፈጠር ጋዝ እዚህ በባሕር ወለል ከሚይዘው ቦታ አንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሮ ይይዛል። ከውጭ መጽሐፍ ተቀድቶ የተጋገረ ኬክ በፍጥነት ተነፍቶ መሃሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር፣ የምድጃውን ሙቀት በጥቂት ከፍ ማድረግ መፍትሔው ነው። ቡና ግን እዚህ ዕድለኛ ነው። የቡና ባለሙያዎች ለማፍላት የሚመርጡት ውኃ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ያለውን ነው። ቦሌ ላይ ጀበናው ሲገነፍል ራሱ እዚያው መሃል ላይ ይገኛል።

ታዲያ 92 ዲግሪ ተሕዋስያንን ይገድላል ወይ? ይገድላል። ወተትን ከጀርም ለማጽዳት ፋብሪካዎች 72 ዲግሪን ለ15 ሰኮንድ ብቻ ይጠቀማሉ። ለመጠጥ የሚፈላ ውኃን በተመለከተ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚመክረው ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ዝቅ ባለ ቦታ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቦሌ፣ የካና ለሚ ኩራ በሙሉ ከዚህ ከፍታ በላይ ናቸውና ሦስት ደቂቃው የእኛ ነው። ለብለብ ክትፎ ግን ለብ ማለቱ ጣዕሙን እንጂ ደኅንነቱን አይለውጠውም። የኮሶ እንቁላሎች በከብቱ ሥጋ ውስጥ የሚሆኑት እጭ የሚሞተው ሥጋው መሃሉ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው።

አሁን ከድስቱ ወደ ምጣዱ እንሻገር፤ ማለትም ከምግቡ ወደ ጋጋሪዋ። የሸክላ ምጣድ እንጀራ ሲጋገርበት ፊቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። አጠገቡ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የምትቆም ሴት ሙቀቱ በጨረር ፊቷንና ደረቷን ይመታታል፤ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎት በእጇ ላይ ይወጣል። በእንጨትና በጭራሮ የምትጋግር ከሆነ ጭሱም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ ለሞት እንደተዳረጉ ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በእናቶቻቸው ጀርባ ሆነው ጭስ የሚተነፍሱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ያድናል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን ጨርሶ ያስቀራል። ነገር ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ የሚለቅ በመሆኑም ለአምስት እንጀራ ብሎ ማሞቅ ብክነት ነው። አንዴ ሲሞቅ የሳምንቱን ጋግሮ፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀሪው ሙቀት ማውጣት ይቻላል፤ ልማዱ ያላቸው ሴቶች ብዙ ናቸው።

ኮንዶሚኒየም ይህን ሥራ የት እንደሚያስቀምጠው ጭንቅ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወደ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ዕቅድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለበግና ለዶሮ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ በየብሎኩ አጠገብ እንዲኖር አስቦ ነበር። ያ ሐሳብ ከዕቅዱ ሁሉ እጅግ የገባኝና የወደድኩት ነው፤ ሙቀትና ጭስ ሰው ከሚተኛበት ክፍል መራቅ እንዳለባቸው የተረዳ ሰው ነው ያሰበው። በአንዳንድ ግቢዎች ግን ሕንፃው ለሌላ አገልግሎት ውሏል፣ ሩቅ ነው ተብሎም ተትቷል። ምጣዱ ጠባቡ ወጥ ቤት ውስጥ ገባ፣ ከሰሉ በረንዳ ላይ ወጣ፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከሰሉም ተከትሎ ገባ።

ከምጣድ የተነሣች ሴት «ነፋስ እንዳይመታሽ» ትባላለች። ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። በላብ የራሰ ሰውነት ስስና ደረቅ አየር ሲያገኘው ላቡ በፍጥነት ይተናል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል፤ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ሳንባን የሚያሳምሙት ግን ተሕዋስያንና ጭስ ናቸው፤ ነፋስ ሳንባ አያቆስልም። በዚህ ፍርሃት ሰበብ የሚዘጋው መስኮት ከነፋሱ እጅግ የከፋ ነገር ያመጣል፤ በዚህ ምዕራፍ ከጻፍኩት ሁሉ አንባቢ እንዳይዘነጋብኝ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ፣ ወይም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ የከሰል ምድጃ ወደ ቤት ይገባል። አስተዋይ የሚባለው ሰው መጀመሪያ ደጅ ላይ ያቀጣጥለዋል፤ ጭሱ ሲወጣለትና ሲቀላ «ፍም ሆኗል፣ አሁን አስገቢው» ይላል። እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ሰው ይሸሸዋል። ቀይ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሰሉ ጭሱን ከጨረሰ በኋላም እስኪጠፋ ድረስ መውጣቱን አያቆምም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የያዘው ሄሞግሎቢን ደግሞ ሥራ ይፈታል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

ከፍታችን ነገሩን ያብሰዋል። ቦሌ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ቀድሞውኑ በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሰውነታችን ለምዶት እንኖራለን፤ ግን ለተጨማሪ ጉድለት የሚተርፍ ብዙ ነገር የለንም። ቤቶቻችንም ተለውጠዋል። ጭቃ ቤት በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ነበረው፣ በሩ አይገጥምም፣ ወለሉ ይተነፍሳል፤ ብዙ ትውልድ ከሰል አጠገብ ተኝቶ የነቃው ቤቱ ስላፈሰሰለት ነው። ዛሬ የአንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም በብሎኬትና በኮንክሪት የተሠራ ነው፤ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፣ ከበሩ ሥር ያለውም ቀዳዳ ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ይወተፋል። ምድጃው ያው ነው፣ ልማዱም ያው ነው፤ ጋዙ መውጫ አጣ። በየዓመቱ በክረምት «በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ» የሚል ዜና የምንሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ዜናው ባሎችንና ሚስቶችን፣ ሥራ ፍለጋ መጥተው አንድ ክፍል የተጋሩ ወጣቶችን፣ ሌሊት በረኛ ቤት ያደሩ ጥበቃዎችን ይጠራል። አንዳቸውም መሞት አልነበረባቸውም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ጉልበት ማጣት ነው። በዓል ቀን ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ መስኮት ተዘግቶ ራስ ሲያም «ዕጣኑ ነው» ወይም «ብርድ መትቶኝ ነው» ይባላል፤ ሰውየውም ይባስ ተሸፋፍኖ ይተኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለትና ሦስት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጥፋተኛው ከሰሉ ነው ብሎ መነሣት ይገባል። በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ደጅ ማውጣት፣ ራሱን የሳተ ካለ ወዲያው ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ወይም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራርን በ939 መጥራት። ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ጋዙን ከደም ያስለቅቃል፤ ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት ምንም አያደርግለትም። ቡና ማፍላት የግድ በከሰል ከሆነ መስኮቱ ተከፍቶ ይሁን፤ ቡናው ሲያበቃ ምድጃው ፍሙ ቢቀርም ባይቀርም ከቤት ይውጣ። ለሌሊት ብርድ ያለው መልስ ብርድ ልብስ፣ ጋቢና በጠርሙስ የተሞላ ሙቅ ውኃ ነው። የሚተኛ ሰው ባለበት ክፍል የፍም ቦታ የለም።

ፀሐይም ስሱን አየር ታልፋለች። በበጋ ወራት ጥላ ውስጥ ሹራብ የሚያስለብስ ቀን፣ ሁለት እርምጃ ወደ ፀሐይ ሲወጣ ቆዳ ይጠብሳል። ቴርሞሜትር የሚለካው በጥላ ያለውን አየር ነው፤ ጨረሩን አይነግረንም። ቆዳ የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቦሌ ላይ በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ደግሞ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ቀትር ላይ በትክክል ከአናታችን በላይ ትሆናለች። የነሐሴዋን ደመና ይጋርዳታል፤ የሚያዝያዋን እንደዚያ የሚጋርዳት የለም። ጠይም ቆዳ ብዙ ይከላከላል፣ ሁሉንም ግን አይከላከልም፤ ዓይን ደግሞ ያ መከላከያ የለውም፣ የዓይን ሞራን ከሚያፋጥኑት ነገሮች አንዱ ይህ ጨረር ነው። አልቢኒዝም ላለባቸው ልጆች ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ በእርግጥ የቆዳ ካንሰር አደጋ ነው፤ ባርኔጣና እጅጌ ሙሉ ልብስ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊፈቀድላቸው ብቻ ሳይሆን ሊሰጣቸው ይገባል። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚሄዱ እናቶች ትክክል ናቸው።

ምችንም እዚሁ ላንሣ። ፀሐይ ላይ ውሎ ከንፈሩ የቆሳሰለ ሰው ምች መታኝ ይላል፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል። የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ የፀሐይ ጨረር መሆኑ በሕክምና የታወቀ ነው። ሰዎቹ ቁስሉንና ፀሐይን ማያያዛቸው ጥሩ ምልከታ ነበር። የሚያሳስበኝ ምች የሚለው ስም ትኩሳትንና ራስ ምታትን ሁሉ ሲጠቀልል ነው። ከመተሐራ ወይም ከአዋሽ ሰባት የተመለሰ ሰው ካተኮሰው ዳማ ከሴው ይቆየውና ደሙ ለወባ ይመርመር።

ስለ ቤቶች ጥቂት ልበል። ቆርቆሮ ቀትር ላይ ከአየሩ በጣም በልጦ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ለቅቆ ይበርዳል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ሁለቱንም ይቀምሳል፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለው የአየር ክፍተት ነፋስ ቢያገኝ ግማሹ ችግር ይቃለላል። የቦሌ መንገድ የመስታወት ሕንፃዎች ግን የተለየ ነገር ናቸው። በዚህ ኬክሮስ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ ግድግዳ በኩል በቀጥታ ትገባለች፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ብዙ አያሳስብም። ሙሉ የምዕራብ ፊቱን መስታወት ያደረገ ሕንፃ ከ9 ሰዓት በኋላ ሠራተኞቹን ያስጨንቃል፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገዛለታል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የማይከፈት መስኮት ውስጥ ይቀመጣሉ። 25 ዲግሪ በሆነ ከተማ፣ ሌሊቱ ለማቀዝቀዝ በነፃ በተሰጠበት ቦታ ይህን ማድረግ ያሳዝነኛል። መስኮትን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጎ ጥላ መስጠትና በሁለት በኩል እንዲከፈት ማድረግ ይበቃ ነበር።

የመጨረሻው ነገር ከፍታችን ስለሰጠን መከላከያ ነው። ደጋ ላይ መስፈር ከወባ መሸሽ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ከሰው ወደ ሰው ለመተላለፍ መጀመሪያ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ማደግ አለበት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን 12 ቀን ያህል ይበቃዋል፤ 20 ዲግሪ ሲሆን ወደ አራት ሳምንት ይጠጋል፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ትንኟ ተውሳኩ ሳያድግ ትሞታለች። የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት ከ17 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ጥቂት የሙቀት ጭማሪ ይህን ሚዛን እንደሚያናጋው አሚር ሲራጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳይተዋል፤ የደብረ ዘይትን አካባቢ የአሥራ ሦስት ዓመት መዝገብ ከኮሎምቢያ ተራሮች ጋር አይተው፣ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛዎቹ ደግሞ እንደሚወርድ አረጋገጡ። ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ከቦሌ በደቡብ ምሥራቅ በኩል በፈጣን መንገድ አንድ ሰዓት አትሞላም።

ከምሥራቅ በኩል አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝም ትመጣለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ነው፤ በኋላ አዋሽ ሰባት ላይም ታይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። እንደ ሌሎቹ የወባ ትንኞች ረግረግ አትፈልግም። ሰው ቤቱ ያጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች፣ በሰሚት፣ በጎሮ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በረንዳ ላይ በርሜልና ባልዲ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ክዳን ከሌለው ጨርቅ ተወጥሮ ይታሰርበት፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ውኃው ተደፍቶ ውስጡ ይታሸት።